ስድስቱን ክር በአንድ ጣት፤ ስለ ባሬ ኮርድና ስለ ቅኝቶቻችን

ባለፈው ጥር የአንድ ክፍል ጓደኛችን እኅት ገሳይ ላይ ስታገባ ስድስት ሆነን ከደብረ ታቦር ተነሥተን ለሠርጉ ሄድን። እኔ ጊታሬን ይዤ ነበር። ጊታር የያዘ ተማሪ ሠርግ ቤት ሲገባ እንዴት እንደሚከበር የደረሰበት ያውቀዋል፤ ወንበር ተለቀቀልኝ፥ ጠላውም ከሌሎቹ ቀድሞ ደረሰኝ። ከዳሱ ጥግ አንድ ሸምገል ያሉ ባለመሰንቆ ከአንዲት ዘፋኝ ጋር ተቀምጠው ነበርና «እስቲ አንድ ላይ አሰሙን» ተባልን።

በዚያን ጊዜ የማውቃቸው ኮርዶች ጀማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው፤ ዶ ሜጀር፥ ሶል ሜጀር፥ ሬ ሜጀር፥ ላ ማይነር፥ ሚ ማይነር። በዚህ ያበቃል። ሴቲቱ ትዝታ ጀመረች። የድምፅዋ ማረፊያ ከላ በላይ ከሲ በታች፥ ማለትም ሲ ፍላት ላይ ነበር። ከአምስቱ ኮርዶቼ አንዱም እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ሳላፍር ባለመሰንቆውን «አባቴ፥ ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉልኝ» አልኳቸው። ቀና ብለው አይተውኝ፥ «ልጄ፥ መሣሪያህ ሴቲቱን ሊያጅብ ነው የመጣው ወይስ ሴቲቱ መሣሪያህን ልታጅብ?» አሉኝ። ቢሆንም እንግዳ ነኝና እስከ ሶል ድረስ ወረዱልኝ። ሴቲቱ የመጀመሪያውን ስንኝ ከጉሮሮዋ ሥር እየጎተተች አወጣችው፤ ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ጠፋ። በዳሱ ውስጥ የነበረውም ሰው ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

በግቢያችን ጊታር እየበዛ ነው። ጊታር ካላቸው ወንድሞቼና እኅቶቼ ብዙዎቹ ግን እኔ በዚያን ቀን የነበርኩበት ቦታ ላይ ቆመዋል። ከዚያ ወዲያ የተማርኩትን እነሆ እጽፋለሁ። ነገሩ ሁለት የጣት አቀማመጥ ማወቅ ነው፤ አንድ ለሜጀር፥ አንድ ለማይነር። እነዚህን ሁለት የያዘ ሰው ለአገራችን ቅኝቶች የሚያስፈልገውን ኮርድ ሁሉ በየትኛውም የድምፅ ከፍታ ላይ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ማጋነን የሚመስለው ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

በመጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደመጣ እንመልከት። መሰንቆ አንድ ክር ብቻ አለው፥ ፍሬት የሚባልም ነገር የለበትም። ባለመሰንቆው የዘፋኟን ማረፊያ ሰምቶ ክሩን ያጠብቃል ወይም ያላላል፥ ካስፈለገም እጁን ያንሸራትታል። ክራርም እንዲሁ ለዘፋኙ ይቃናል። ጊታር ግን ስድስት ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል፥ ሲ፥ ሚ ተብለው የተቃኙ ናቸው፤ ጀማሪው የሚማራቸው ኮርዶችም ከእነዚህ ክሮች አንዳንዶቹን ሳይነካ ባዶአቸውን የሚያስጮህባቸው ናቸው። ባዶ ክር ደግሞ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ጣቶቻችንን አንድ ፍሬት ብንገፋ የያዝናቸው ድምፆች ሲወጡ ባዶዎቹ ባሉበት ይቀራሉ፥ ኮርዱም ይፈርሳል። ስለዚህ ኮርዱን ሙሉ በሙሉ ለማንቀሳቀስ አንድም ባዶ ክር መቅረት የለበትም።

ባሬ ማለት ይኸው ነው። ቃሉ ከፈረንጅ የመጣ ሲሆን መቀርቀሪያ እንደ ማለት ነው። ሌባ ጣት በስድስቱም ክር ላይ ተጋድማ በራስጌ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ቁራጭ ትተካለች። (ሌባ የሚል ስም ያወጡላት ሰዎች ጊታር ላይ ስትለፋ ቢያዩአት ኖሮ ስሟን ያሻሽሉላት ነበር ብዬ አስባለሁ።)

አሁን ጊታራችሁን አንሡ። ሚ ሜጀርን ያዙ፥ ግን እንደ ወትሮው በሌባ ጣት ሳይሆን በመሃል ጣት፥ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት ይሁን። የመሃል ጣት 3ኛውን ክር 1ኛው ፍሬት ላይ፥ የቀለበት ጣት 5ኛውን ክር፥ ትንሿ ጣት ደግሞ 4ኛውን ክር 2ኛው ፍሬት ላይ ይይዛሉ። ሌባ ጣት ሥራ ፈታለች። ይህን ቅርፅ ሳታፈርሱ ወደ ሳጥኑ አቅጣጫ አንሸራትቱና በስተኋላው ሌባ ጣትን አጋድሙ። አንድ ፍሬት ብቻ ከሄዳችሁ ፋ ሜጀር ነው፤ ሦስት ከሄዳችሁ ሶል ሜጀር፥ አምስት ከሄዳችሁ ላ ሜጀር ነው። የኮርዱ ስም ሌባ ጣት በወፍራሙ 6ኛ ክር ላይ የምትይዘው ድምፅ ስም ነው። ስለዚህ በዚያ ክር ላይ 1ኛው ፍሬት ፋ፥ 3ኛው ሶል፥ 5ኛው ላ፥ 7ኛው ሲ፥ 8ኛው ዶ፥ 10ኛው ሬ፥ 12ኛው እንደገና ሚ መሆኑን በቃል መያዝ ይገባል። ከዚህ በቀር ለሜጀር የሚጠና የለም።

ማይነር ከዚህ ይቀላል፤ የመሃል ጣትን አንሡ። አለቀ። ሦስተኛው ክር በአንድ ፍሬት ይወርዳል፥ ሜጀሩም ማይነር ይሆናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት አለብን፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለና። ኮርድ የሚሠራው ከሦስት ድምፆች ነው። ፋ ሜጀር ፋ፥ ላና ዶ ነው፤ ፋ ማይነር ደግሞ ፋ፥ ላ ፍላትና ዶ። ልዩነቱ የመካከለኛው ድምፅ ብቻ ነው። በባሬው ቅርፅ ውስጥ ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ ብትመረምሩ ፋ ሦስት ጊዜ፥ ዶ ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ መካከለኛው ድምፅ ግን በ3ኛው ክር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሜጀር መሆኑን ወይም ማይነር መሆኑን የሚናገረው ይህ ክር ብቻ ነው ማለት ነው። 3ኛው ክር ከታፈነ የምትመቱት ኮርድ ስም የለውም። አብዛኛው ጀማሪ «ማይነሬ አያሳዝንም» ብሎ የሚያጉረመርመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የመሃል ጣት ስትነሣ ያን ክር የመያዝ ኃላፊነት ወደ ሌባ ጣት ይዛወራልና፥ ሌባ ጣት ደግሞ በትክክል እዚያ ቦታ ላይ የአንጓዋ ጎድጓዳ ይገጥማታል።

ከዚህ የሚከተለው ትልቅ እፎይታ ነው። ሌባ ጣት ስድስቱንም ክሮች በእኩል ኃይል መጫን የለባትም! በሜጀሩ 5ኛውን፥ 4ኛውንና 3ኛውን ክር ሌሎቹ ጣቶች ይዘውታል፤ ለእርስዋ የቀሩላት 6ኛው፥ 2ኛውና 1ኛው ናቸው። በማይነሩ 3ኛው ይጨመርባታል። ስለዚህ በሥጋዋ ሳይሆን ወደ አውራ ጣት በኩል ባለው አጥንታማ ጎኗ ጋደም አድርጓት፥ ወደ ፍሬቱ ብረትም አስጠጓት። የአንጓው ጎድጓዳ 3ኛው ክር ላይ ከወደቀ ጣቷን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው። እኔ 2 ሚሊ ሜትር በማይሞላ መግፋት የዳነ ኮርድ አይቻለሁ።

ኃይሉስ ከየት ይምጣ? አውራ ጣትን ከአንገቱ ጀርባ መሃል ላይ አሳርፉ፤ ግን እንደ ጉጠት አትቆንጥጡ። ቀኝ ክንድ ሳጥኑን በቀስታ ወደ ደረት ሲጫን፥ የግራ ክንድ ክብደት አንገቱን ወደ ኋላ ሲስብ፥ ጣቷ ሳትደክም ክሮቹ ይያዛሉ። የአውራ ጣት ሥር ማቃጠል ከጀመረ ያለ ጥርጥር እየቆነጠጣችሁ ነውና ወዲያው አቁሙ። በቀን ሦስት ጊዜ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታግሎ በማግስቱ ብዕር መያዝ ያቃተው ጓደኛ አለኝ፤ ያውም የፈተና ሰሞን ነበር።

መጻሕፍት ባሬን ብዙ ጊዜ ከፋ፥ ማለትም ከ1ኛው ፍሬት ያስጀምራሉ። እኔ ይህን አልደግፍም። ፍሬቶች እኩል አይራራቁም፤ የክሩ ርዝመት በየፍሬቱ ለ1.0595 ያህል ይካፈላል፥ በ12ኛው ፍሬት ላይ ግማሽ ይሆናል። ክሩ 65 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጊታር ላይ የመጀመሪያው ፍሬት ስፋት 3.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የ5ኛው 2.9 ብቻ ነው። በተጨማሪም ከራስጌው አጠገብ ክሩ የታሠረበት ቦታ ቅርብ ስለሆነ አልጎነበስም ይላል። ስለዚህ ከ5ኛው ፍሬት፥ ከላ ጀምሩ፤ ላ ሜጀር፥ ላ ማይነር፥ ላ ሜጀር እያላችሁ የመሃል ጣትን ብቻ አንሡ፥ መልሱ። ያ ሲጠራ በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ፍሬት ወደ ራስጌ ውረዱ። 1ኛው ፍሬት ላይ ስትደርሱ ጣታችሁ ሳያውቀው ይለምዳል። ለእኔ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ፥ ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ለማስመስከር የሚሄድ የቆሎ ተማሪ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ለሚያውቅ ሰው ሦስት ሳምንት የሚያስመርር አይደለም።

ስለ መሣሪያውም አንድ ቃል። 12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ጥፋቱ የጣታችሁ አይደለም፤ ክሩ እንዲወርድ የሚያውቅ ሰው ያስተካክለው። እስከዚያው ስድስቱንም ክሮች በሁለት ሁለት ፍሬት አላልቶ መለማመድ ይቻላል፥ ክሩ ይለሰልሳል። የአገራችን ብርድም አይረሳ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፥ ገሳይ ደግሞ የጉናን ነፋስ ትጠጣለች። በብርድ የደነዘዘ ጣት ባሬ አይዝምና አስቀድማችሁ እጃችሁን አሙቁ። የብረት ክር በብርድ ይኮማተርና ድምፁ ይወጣል፥ ሰው ወደሞላበት ዳስ ሲገባ ይላላል። ደጅ ቃኝታችሁ አትግቡ፤ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ካስቀመጣችሁት በኋላ ቃኙት።

ከላይ የነገርኳችሁ ቅርፅ መሠረቱ 6ኛው ክር ላይ ነው። መሠረቱን 5ኛው ክር ላይ ያደረገ ሌላ ቤተሰብም አለ፤ ማይነሩ የሚ ሜጀር ቅርፅ ራሱ በአንድ ክር ወደ ቀጫጭኖቹ በኩል ተዛውሮ ነው። ጥቅሙ ሩቅ መዝለልን ማስቀረት ነው፤ ለምሳሌ ዶ በ6ኛው ክር 8ኛው ፍሬት ላይ ሲገኝ በ5ኛው ክር ግን 3ኛው ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው ሳይጠራ ወደዚህ መሄድ ግን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፤ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ትዝታና ባቲ ሜጀርና ማይነር እየተባሉ ለሁለት ሲከፈሉ ስድስት ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። አንድ ማታ በማስታወሻ ደብተሬ ጀርባ ላይ አምስት አምስቱን ድምፆች ጽፌ ከእነርሱ ምን ምን ሜጀርና ማይነር ኮርድ እንደሚወጣ አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ያገኘሁት እኔንም አስደነቀኝ። በስድስቱም ውስጥ፥ በእያንዳንዳቸው፥ አንድ ሜጀርና አንድ ማይነር ብቻ ይገኛል፤ ሁለተኛ ሜጀርም ሁለተኛ ማይነርም የለም። እናንተም ወረቀት አውጥታችሁ ፈትሹት።

ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሣ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ነው። ከዚህ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ይወጣሉ፤ በባሬው 8ኛውና 5ኛው ፍሬት። ትዝታ ማይነር ከላ ሲነሣ ላ፥ ሲ፥ ዶ፥ ሚ፥ ፋ ነው፤ ላ ማይነር በ5ኛው፥ ፋ ሜጀር በ1ኛው። ባቲ ሜጀር ከፋ ሲነሣ ፋ፥ ላ፥ ሲ ፍላት፥ ዶ፥ ሚ ነው፤ እንደገና ፋ ሜጀርና ላ ማይነር! ባቲ ማይነር ከላ ሲነሣ ላ፥ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል ሲሆን ኮርዶቹ የትዝታ ሜጀሮቹ ናቸው፤ ድምፆቹም እነዚያው ሆነው የተለወጠው ማረፊያው ነው። አምባሰልም ከሚ ሲነሣ ሚ፥ ፋ፥ ላ፥ ሲ፥ ዶ ስለሆነ የትዝታ ማይነር ድምፆች በሌላ ማረፊያ ላይ ናቸው። እንግዲህ 1ኛው፥ 5ኛውና 8ኛው ፍሬት ላይ ሁለቱን ቅርፆች ያወቀ ሰው አምስቱን ቅኝቶች ይዟል። ዘፋኟ ከሌላ ቦታ ስትነሣ ሁሉን አብሮ ማንሸራተት ነው። የዚያች የገሳይ ሴት ማረፊያ ሲ ፍላት ነበር፤ በ6ኛው ክር ላይ 6ኛው ፍሬት። በትዝታ ሜጀር ማይነሩ ከሜጀሩ ሦስት ፍሬት ወደ ራስጌ ነውና 3ኛው ላይ ሶል ማይነር ይገኛል። ያ ሁሉ ሐፍረት በ6ኛውና በ3ኛው ፍሬት መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ነበር።

ነገር ግን ኮርዱ የሚገባበትን ያህል የማይገባበትንም ማወቅ ያሻል። በትዝታ ሜጀር ውስጥ ሬ ከሁለቱ ኮርዶች በአንዱም የለችም፤ በትዝታ ማይነርና በአምባሰል ሲ፥ በባቲ ሜጀር ሲ ፍላት፥ በባቲ ማይነር ሬ እንዲሁ ብቻቸውን የቀሩ ናቸው። ዘፈኑ እነዚያ ላይ ሲቆም ጊታሩ ዝም ይበል ወይም ያችኑ ድምፅ በአንድ ክር ብቻ ይንካ። የኛ ሰው ግን ባዶ ቦታ ሲያይ ይጨንቀዋልና ከመጽሐፍ ያገኘውን ዶ፥ ፋ፥ ሶል ያመጣል። ፋ ሜጀር ፋን፥ ሶል ሜጀርም ሲን ይዘው ይገባሉ፤ ሁለቱም በትዝታ ሜጀር ውስጥ የሌሉ ድምፆች ናቸው። አይደረግም አልልም። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ኮርድ ጋር ያገናኘው ተጠንቅቆና ተምሮ ነው። ከመሰንቆ አጠገብ ተቀምጦ በደፈናው መምታት ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» አንድ ጊዜ ለጊታሩ ብቻ ብላችሁ አዳምጡት፤ ሰላም ስዩም ስድስቱንም ክሮች በአንድ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ቁጠሩ።

ስድስተኛው አንቺ ሆዬ ነው፤ ሠርግ ቤት ደግሞ ያለ እርሱ አይሆንም። ከዶ ሲነሣ ዶ፥ ሬ ፍላት፥ ፋ፥ ሶል ፍላት፥ ላ ይሆናል። ፋ ሜጀር በ1ኛው፥ ሶል ፍላት ማይነር በ2ኛው ፍሬት ይገኛሉ። በወረቀት ላይ በጣም ቀላል ነው፤ አንድ ፍሬት መግፋትና የመሃል ጣትን ማንሣት። በጆሮ ግን አስቸጋሪ ነው። በሌሎቹ ቅኝቶች ሁለቱ ኮርዶች ሁለት ሁለት ድምፅ ስለሚጋሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በለስላሳው ይታለፋል፤ በአንቺ ሆዬ የሚጋሩት ላን ብቻ ነው። ማረፊያው ዶም አምስተኛ ደረጃው ሶል ስለሌለለት በራሱ ላይ ኮርድ አይቆምለትም፤ ዶ ሜጀር ብትመቱ ሚና ሶል ሁለት እንግዳ ይዘው ይገባሉ። በዚያ ላይ ጊታር ስምንዮሹን ለዐሥራ ሁለት እኩል ስለሚከፍል የመሰንቆው ሬ ፍላት ከፍሬቱ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ሲፋጩ ጥፋቱ የባለመሰንቆው አይደለም።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንደገና ለሠርግ ገሳይ ሄድኩ፤ እነዚያው ባለመሰንቆና ዘፋኝ ነበሩ። ትዝታው እንዳለፈው ከሲ ፍላት ተነሣ። እጄን 6ኛው ፍሬት ላይ አሳረፍኩ፥ ወደ 3ኛው ወረድኩ፥ ተመለስኩ፤ ሴቲቱ ወደኔ ዞር ሳትል እስከ መጨረሻው ዘፈነች። ቀጥሎ አንቺ ሆዬ ሲጀመር መዳፌን ክሮቹ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ባለመሰንቆው በቅንድባቸው ጠየቁኝ። «እዚህ ላይ ገና ነኝ፥ አባቴ» አልኳቸው። ሳይቋረጡ እየመቱ አንዱን አስተናጋጅ ጠሩና ጠላ አስቀዱልኝ።